የሑዘይፋ ቀኝ እጅ

ፖስተሩን በሱቁ መስታወት ላይ የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ያውም ቢስሚላህ ብዬ። ሑዘይፋ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ቆሟል፤ ሄለን የምትባለው ተዋናይት ትከሻው ላይ ተደግፋለች፤ ከላይ በቀይ ቀለም «ተወዳጁ ድምፃዊ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሪ ተዋናይነት» ይላል። ከጎናችን ልብስ የምትሰፋው ጓደኛዬ ሹክሪያ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው።

«አቦ አንቺ ልጅ! ሌላ ሴት ትከሻው ላይ ተኝታ፣ አንቺ ደግሞ እንዳይጨማደድባት ታስተካክያለሽ?»

«ሥራው ነው» አልኳት።

«የኔ ባል ቢሆን ሥራውን አሳየው ነበር።»

«አንቺ መጀመሪያ ባል ይኑርሽ!»

ተሳሳቅን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ቅናት የሚባል ነገር አጠገቤ አልደረሰም። ከተማችን ጭሮ ሲኒማ ቤት የላትም። ፊልሙ አዲስ አበባ ታይቶ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ አውርቶለት፣ እኛ ግን ስሙን ብቻ እየሰማን ነው የከረምነው። አሁን በቪሲዲ ወጣና የመጀመሪያው ካርቶን እኛ ሱቅ ወረደ። አባቴ ሐጂ ሙሄዲን ከወራቤ መጥቶ በካሴት የጀመራት ሱቅ ናት፤ ዛሬ ሲዲውንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ዲሹንም ትሸጣለች። ከዚያች ሱቅ የወጣ ልጅ ተመልሶ መስታወቷ ላይ ሲሰቀል እንዴት ደስ አይለኝም?

አዎ፣ ከዚያች ሱቅ ነው የወጣው። እናቱ ሞሚና መሰላ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። እሱ ትምህርቱን ሲጨርስ እኛ ጋ ተቀጠረ፤ ካሴት ሲቀዳ ከካሴቱ ጋር አብሮ ይዘፍናል፤ ደንበኛው ደግሞ ካሴቱን ትቶ እሱን ይሰማል። አባቴ «ይሄ ልጅ ሊያከስረኝ ነው» ይል ነበር፤ ዝም በል ብሎት ግን አያውቅም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘፈኑን ያቋርጣል። ለሰው ሁሉ እየዘፈነ እኔ ስገባ ዝም! መጀመሪያ ጠልቶኝ ነበር የመሰለኝ። በኋላ ገባኝ፤ አፍሮ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳና የሱቁን ጣሪያ ገነጠለው። ሑዘይፋ ዘሎ ወጥቶ ቆርቆሮውን በባዶ እጁ ያዘ። ቆርቆሮው ከቀኝ አውራ ጣቱ ሥር እስከ እጁ አንጓ ድረስ በላዩ ላይ ሰነጠቀው። «ልቀቀው!» እያልን እንጮሃለን፤ አልለቀቀም። ቢለቀው ታች ያለውን ዕቃ ሁሉ ዝናብ ይበላው ነበር። አባቴ ትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ ቀድዶ እጁን አሰረለት፤ ጤና ጣቢያ ድረስም ያንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አብሮት ሮጠ። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን እንደ ገመድ አብጦ ቀረ። ሑዘይፋ ከሰው ፊት ሲቀመጥ በግራ እጁ ይሸፍነዋል። እኔ ደግሞ ከሰውነቱ ሁሉ እሱን ነው የምወደው። ነግሬው አላውቅም፤ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ?

ከዚያ አዲስ አበባ ሄደ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ዘፈነ፣ ታወቀ። ሲታወቅ ይረሳኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልረሳኝም፤ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጦ እንዲህ አላቸው፦ «ልጁን እወደዋለሁ። ዘፈኑንም እንጀራው ነው ብዬ አልጠላሁበትም። ግን ዘፋኝ የሚለውን ሁሉ ለሺህ ሰው ነው የሚለው። ለልጄ የሚላትን በምን እለየዋለሁ? እስቲ አሁን ደግሞ ፊልም ሠራ አሉ፤ እሱን ልየውና እንነጋገር።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። «እንነጋገር» ሲል ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ነበረበት። ስለዚህ ፊልሙ የኔ ጉዳይ ነበር። ሌላው ሰው ለመዝናኛ ይጠብቀው፤ እኔ ሕይወቴን ነበር የምጠብቀው።

* * *

ቤታችን ያየነው አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ሴቱ ሁሉ ሳሎናችን መጣ፤ ፍራሹ ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ጓዳው በር አጠገብ ትራሱን ተደግፎ ጀርባውን ሰጥቶናል። አያይም ማለት ነው፤ እኛም እንደማያይ ሆንን።

ሑዘይፋ አሳምሮ ሠርቶታል፤ ፍቅሬ ስለሆነ አይደለም። እሱ ሲያለቅስ ከኋላዬ ያሉት እናቶች አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል። ግን ሄለንን የሚያይበት ዓይን ነበር። እነዚያን ዓይኖች አውቃቸዋለሁ። ከሱቁ ጥግ ሆኖ እኔን ያየበት ዓይን ነው። ሥራው ነው፣ ሥራው ነው እያልኩ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ መጣ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌ፣ ምንጣፍ፣ ምስክሮች፣ ሑዘይፋ መሐል። ምን ሊመጣ እንደሆነ ሲገባኝ ሻርፔን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ማየት አልቻልኩም። ጆሮን ግን በሻርፕ አይሸፍኑት፤ ቃሉን ሰማሁት።

«ቀቢልቱ።» ተቀብያለሁ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ እልልታ ቀለጠ፤ ሳሎናችን ውስጥም ሴቶቹ አብረው አቀለጡት። በመሐሉ አባቴ ተነሳ፣ ሪሞቱን ከሹክሪያ እጅ ወስዶ አጠፋው።

እኛ በዚህ ነገር አንቀልድም። ልጆች ሆነን ሙሽራ ሙሽራ ስንጫወት፣ አንዱ ያንን ቃል ካወጣ የቁርኣን ኡስታዛችን ጆሯችንን ነበር የሚይዙን። «የዚህ ነገር ቀልዱም ቁም ነገር ነው» ይሉን ነበር። ሑዘይፋም እንደኛው ተይዞ ነው ያደገው። ያውቃል።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ አባቴ እዚያው ቆሞ ነበር። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለኝ።

«ነስሪን፣ ይቺን ቃል ለካሜራ ካላት፣ ላንቺ ሲላት ምን ቀራት?»

እኔም እዚያው ቦታ ላይ ነበር የተጎዳሁት። ሄለንን ቢያቅፋት ይሻለኝ ነበር። ያቺ ቃል ግን የኔ ነበረች፤ አንድ ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ስትባል ልሰማት ዕድሜዬን ሙሉ ሳስባት የኖርኩ ቃል። ቀድሞ ለሌላ አላት፤ ያውም በደመወዝ።

ስልኬን ዘጋሁ። አባቴም ለሽማግሌዎቹ «አይሆንም፤ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል» ብሎ ላከባቸው። ወዲያው ደግሞ ቦርደዴ ያሉት የኢዘዲን ቤተሰቦች፣ ከድሮ ጀምሮ ለልጃቸው ሲጠይቁኝ የነበሩት፣ ሐሙስ እንምጣ አሉ። አባቴ ጠየቀኝ።

«እንዳልክ» አልኩት።

ሹክሪያ ስትሰማ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ኢዘዲንን አንድ ቀን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ጥሩ ሰው ነው ይላሉ።»

«የኔም ቧንቧ ሠሪ ጥሩ ሰው ነው!»

ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እልኸኛ ነኝ፤ በእልህ ራሴን ገደል መክተቴን አውቀዋለሁ፤ ግን ሑዘይፋ ላይ ያለኝ ንዴት ለራሴ ካለኝ ፍቅር በልጦ ነበር።

* * *

የሚያቃጥለው ደግሞ ፊልሙን የምሸጠው እኔ መሆኔ ነው። «ነስሪን፣ ያ የኛ ልጅ የሠራው አለ?» ይለኛል አንዱ። «ነስሪን፣ ያ የሚያስለቅሰው አለ?» ይለኛል ሌላው። እየጠቀለልኩ እሰጣለሁ። ፖስተሩን ልቀድደው ሄጄ ጥጉን ብቻ ገንጥዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ከቦኬ አንዲት ሴት መጣች፤ ሉባባ ትባላለች፤ ትልቅ ዘንቢል ይዛለች፣ ፊቷ ቁጣ በቁጣ ነው። ሲዲውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺ ትቆማለች! ልክ ሊጋቡ ሲሉ! ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ፣ እልል ልንል አፋችንን እንደከፈትን ቀረን። ይሄ ይደረጋል?»

«ልቀይርልሽ» አልኳትና አዲስ አነሳሁ። ግን የአባቴ ሕግ አለ፤ የምትቆም ሲዲ ስትመለስ፣ ስትቆም በዓይን ሳይታይ አትቀየርም። አለበለዚያ ሰው አይቶ የጠገበውን ፊልም በሌላ ሊለውጥ ይመጣል። ሹክሪያን እንድታይልኝ ጠራኋት፤ ገበያ ወጥታለች። ሉባባ ቆማ ታየኛለች። ምን ላድርግ? የሷን ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት፣ ወደፊት አሮጥኩት፤ ምንጣፉ ሲመጣ ለቀቅኩት፤ ዓይኔን ልጨፍን ስል ሲዲው ቆመ።

«ይኸው! አልዋሸሁም!» አለች ሉባባ።

እውነትም አልዋሸችም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት እጆች ብቻ ቀሩ። የሽማግሌው እጅና የሙሽራው ቀኝ እጅ፣ አውራ ጣት ለአውራ ጣት ተጋጥመው፣ ስክሪኑን ሞልተውት። እንዳላይ የሸሸሁት ነገር አሁን አልንቀሳቀስም ብሎ ፊቴ ተገትሯል። አየሁት።

ከጥቁሩ ሱፍ እጅጌ የወጣው እጅ ለስላሳ ነበር። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ፣ ምንም የለበትም።

ሜካፕ ነው አልኩ። ሸፍነውለት ነው። ግን ጣቶቹም አጫጭር ናቸው፤ የሑዘይፋ ጣቶች ረጃጅም ናቸው። ሌላ ደህና ሲዲ አውጥቼ ከተትኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያንን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ አየሁት። ሽማግሌው ይናገራሉ። ሑዘይፋ አንገቱን ደፍቷል፤ ከንፈሩ ተጋጥሟል። ካሜራው ወደ እጆቹ ይወርዳል። ከዚያ «ቀቢልቱ» ይላል አንድ ድምፅ።

አንድ ድምፅ! ሑዘይፋ አይደለም። እኔ ያንን ልጅ በጉንፋኑ አውቀዋለሁ፣ ተኝቶ ሲነሳ አውቀዋለሁ፣ በስልክ ውስጥ ዝም ሲል እንኳ ዝምታውን አውቀዋለሁ። ይሄኛው ጎርናና፣ ሲጋራ የጠገበ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነው። ያን ለት ቃሉ ገና ሳያልቅ እልልታው ሸፍኖት እንዴት ልለየው? ሰምቼማ ነበር፤ ግን ተናድጄ ነበር የሰማሁት።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለች ሉባባ። ቁጣዋ ጠፍቶ እጄን ያዘችኝ። «ታመምሽ እንዴ፣ የኔ እናት?»

«ድኛለሁ» አልኳት። አቅፌያት አለቀስኩ፤ የማላውቃትን ሴት።

* * *

አባቴ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ሲመለስ ሉባባ ዘንቢሏ ላይ ተቀምጣለች፤ አልሄድም ብላለች፤ ይሄን ጉዳይ ሳታይ ቦኬ ብትመለስ ጎረቤቶቿ አይለቋትም። ሹክሪያም መጥታለች።

«አባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

«ያንን ፊልም ከሆነ አላይም።»

«አንዴ ብቻ። ስለ አላህ።»

ስለ አላህ ሲባል እምቢ አይልም። የምትቆመዋን ሲዲ መልሼ ከተትኩ። ቆመች። አባቴ መነጽሩን አውጥቶ አደረገና ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደ። ከዚያ ሌባ ጣቱን አንስቶ ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ከአውራ ጣቱ ሥር ወደ አንጓው በቀስታ አስኬደው፤ የጎደለውን ነገር ቦታውን ሳይስት።

«ይሄ የሱ እጅ አይደለም» አለ።

«ሸፍነውለት ቢሆንስ?» አልኩት። እሱው ራሱ እንዲለው ፈልጌ ነው።

«ያንን እጅ ያሰርኩት እኔ ነኝ! ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ርሷል። «ደውይለት።»

ስልኬን ስከፍት መልእክት በመልእክት ላይ ገባ፤ አንዱንም ሳላነብ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳው።

«ነስሪን?»

«የት ነህ?»

«መሰላ። እናቴ ጋ። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ መጣሁ፤ ግን በራችሁ ላይ መቆም ፈራሁ።»

«ያ እጅ የማን ነው?»

ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ አላልኳችሁም? እያለቀሰ ነበር።

«አየሽው?» አለኝ። «አላህ! አየሽው?»

* * *

ከሰዓት በኋላ ከእናቱ ጋር መጣ፤ ሰው እንዳያውቀው ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ። በሩ ላይ ከራሱ ፖስተር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመና አንገቱን ደፋ። ከዚህ ሱቅ የወጣው ያው አፋሩ ልጅ ነው። እናቱ ሞሚና ከአባቴ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ሉባባ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ወዲያው በኦሮምኛ ሹክሹክታ ጀመሩ።

እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜያለሁ። አየኝ፤ አየሁት። በጣም ከስቷል።

«ለምን አላልካትም?» አለ አባቴ። ለሱ ሰላምታም አላስቀደመም።

ሑዘይፋ ኮፍያውን አወለቀ። «ማለት አልቻልኩም፣ ሐጂ። ስክሪፕቱን ሳነብ የሚያልፍልኝ መስሎኝ ነበር። ምንጣፉ ላይ ስቀመጥ አፌ እምቢ አለ። ዳይሬክተሩ ‹ትወና እኮ ነው› አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አልቅስ ቢለኝ አለቅሳለሁ፣ ውደዳት ቢለኝ ነስሪንን እያሰብኩ አያታለሁ። ያቺን ቃል ግን ከየት አምጥቼ ነው የምመስላት? አንዲት ናት ያለችኝ።»

አባቴ አንድ እርምጃ ቀረበው።

«ቀረጻው ቆመ። ፕሮዲውሰሩ ‹ገና በመጀመሪያ ፊልሙ እንዲህ ካረገን ነገስ?› ብሎ በሌላ ልጅ ሊተካኝ ነበር። ሻንጣዬን ሸከፍኩ። የመብራት ሠራተኛው አምባው ነው ያዳነኝ፤ ‹ኧረ የኔን እጅ ውሰዱ፣ ለኔ ቃል ብቻ ናት› አለ። ኮቴን አውልቄ ሰጠሁት። ድምፁም የሱ ነው።»

«ታዲያ ሄለንን ያገባት አምባው ነዋ!» አለች ሹክሪያ።

ሉባባ ሳቋ አመለጣት። አባቴም ጢሙን ዳሰሰ፤ ፈገግታውን ሲደብቅ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

«ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገርክም?»

«ጥፋቴን አላወቅሁማ። ዘፋኝ ስለሆንኩ የጠሉኝ መሰለኝ። ዘፈኑን ልተወው እችላለሁ ወይ እያልኩ ነበር የከረምኩት።» ወደኔ ዞረ። «አንቺም ስልክሽን ዘጋሽ።»

«ፊቴን ሸፍኜ ነበር» አልኩት። ድምፄ ተቆራረጠ። «ስትላት ማየት አልቻልኩም። ብገልጠው ኖሮ አይህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«አንቺ ብቻ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር» አለኝ በቀስታ። «ሀገሩ ሁሉ ቢያልፈው፣ ነስሪን እጁን አይታ የኔ አለመሆኑን ታውቃለች አልኩ። ለዚህ ብዬ ነው ቪሲዲው እስኪወጣ የጓጓሁት።»

ይሄን ሲል ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ ብሮጥ ደስ ባለኝ። አባቴ መሐላችን ቆሟል።

«የቦርደዴ ሰዎችን እኔ አናግራቸዋለሁ» አለ አባቴ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አይቻለሁ ብዬ ሳላይ ፈረድኩ።» ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። «እጅህን አምጣ።»

ሑዘይፋ እንደ ልማዱ በግራ እጁ ሸፍኖት ነበር። ቀስ ብሎ ቀኙን ሰጠው። አባቴ እንደዚያን የነፋስ ቀን በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ በአውራ ጣቱ ጠባሳውን ከሥር እስከ አንጓ ዳሰሰው። እናቱ ሞሚና ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች።

«ለሺህ ሰው የማይለው ነገር አለው ወይ ብዬ ነበር የፈራሁት» አለ አባቴ። ለሱ ይሁን ለኔ አላወቅሁም። «ለካ አለው።»

ከዚያ እጁን ሳይለቅ ቀና ብሎ አየው። «ስማኝ፣ ልጄ። ኢንሻአላህ ቀኑን ከሽማግሌዎቹ ጋር እንቆርጣለን። ይሄ ግን እንደ ፊልምህ ልምምድ የለውም፣ ድገመውም የለውም። አንዴ ነው የምትላት።»

«አንዴ ነው፣ ሐጂ» አለ ሑዘይፋ።

ሹክሪያና ሉባባ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቦኬ ላይ የተቋረጠውን እልልታ አቀለጡት። እኔ ግን እልልታውን አልሰማሁትም። አባቴ አሁንም ያልለቀቀውን እጅ እያየሁ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ፊቴን አልሸፈንኩም።